ዋጋ ሲወድቅ የማንን ጥሪት እንጠብቅ?

በመቱ፣ በሁሩሙ፣ በያዮና በጎሬ ዙሪያ የሚኖረው አብዛኛው ቤተሰብ ጥሪቱን ያኖረው በቡና ዛፍ ላይ ነው። የልጆች ትምህርት፣ የጣሪያ ቆርቆሮ፣ የሠርጉና የሐዘኑ ወጪ ሁሉ ፍሬው ቀልቶ እስኪለቀም ይጠብቃል። የፍሬው ዋጋ ግን በመንደራችን ገበያ ብቻ አይቆረጥም፤ በሩቁ የኒውዮርክ የቡና ገበያ የሚደረገው ግብይት እዚህ ነጋዴው በሚከፍለን ሂሳብ ላይ ያርፋል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሐምሌ 1989 የዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዐት ከቆመ ወዲህ ዋጋው ልጓም እንደሌለው ፈረስ ሆኗል። በግንቦት 1997 የአንድ ፓውንድ፣ ማለትም ከግማሽ ኪሎ ጥቂት የሚያንስ፣ የአረቢካ ቡና ከ3 ዶላር በላይ ወጣ። በ2001 ግን የብራዚልና የቬትናም ምርት ገበያውን ስላጥለቀለቀው ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። በየካቲት 2025 ደግሞ ከ4 ዶላር አለፈ። እንዲህ የሚወጣ ዋጋ ተመልሶ እንደሚወርድ የሚጠራጠር የለም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ክፉው ዓመት ሲመጣ የቤት አስተዳዳሪ ጥሪቱን ለመጠበቅ እስከ ምን ድረስ መሄድ ይገባዋል?

ለቤት ማሰብ ግዴታ እንጂ ስስት አይደለም። በክረምት ገንዘብ ሲያጥር ያልበሰለውን ፍሬ በርካሽ ለአበዳሪ አለመሸጥ፣ የዓመት ቀለብ የሚሆነውን በቆሎ አስቀድሞ ማስቀመጥ፣ ጀንፈሉን በደንብ አድርቆ እንደ ችግሩ መጠን ጥቂት በጥቂት ማውጣት፣ ይህ ሁሉ አስተዋይነት ነው። ተናዶ ዛፉን መንቀል ግን አስተዋይነት አይባልም፤ አዲስ የተተከለ ቡና ፍሬ ለመስጠት ከ3 እስከ 4 ዓመት ይፈልጋልና በክፉው ዓመት የነቀለ ሰው ደጉ ዓመት ባዶ እጁን ያገኘዋል።

ይሁንና ጥሪታችን በጓሯችን ብቻ የተቀመጠ አይደለም። ዕቁባችንን እንመልከት። 20 አባላት በየወሩ 1,000 ብር ቢጥሉ፣ መጀመሪያ ዕጣ የወጣለት ሰው 20,000 ብር ተቀብሎ የ19,000 ብር ባለዕዳ ይሆናል። ዕጣዋ መጨረሻ ላይ የሚወጣው እናት ግን ወር በወር ስታበድር ትከርማለች። ዋጋ በወደቀ ጊዜ ቀድሞ የወሰደው ሰው፣ «የቤቴን ገንዘብ ልጠብቅ» ብሎ መጣሉን ቢያቆም፣ የጠበቀው የራሱን ጥሪት ሳይሆን የእርሷን ነው። በገበያው ላይ የደረሰውን ኪሳራ ወደ ደካማው ትከሻ አዛወረው እንጂ አልተከላከለውም። የለቃሚውን የድካም ዋጋ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቆርጥ ባለቡናም ከዚህ አይለይም።

«ልጆቼ እየተራቡ ዕቁብ ልጣልን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ስለዚህም ያልቻለውን ካልፈለገው መለየት ይገባል። ያልቻለ ሰው ቀኑ ሳይደርስ ወደ ዕቁቡ ዳኛ ሄዶ ችግሩን በግልጽ ይናገር፤ መጠኑ እንዲቀነስለት ወይም ጊዜው እንዲራዘምለት ይጠይቅ። አባላቱም ያድምጡት። ዕዳው ግን ዕዳነቱ አይቀርም። በዝምታ መጥፋት ዋሱንም፣ ተራ ጠባቂውንም፣ የነገውን ዕቁብም ይጎዳል፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይሰጋል፣ ሁሉም ለየራሱ ሲሸሽ ለሁሉም የሚተርፍ አይኖርም።

አስተዋይነት ያለ ፍትሕ ብልጠት ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ፍትሕም ያለ አስተዋይነት ቤትን ያራቁታል። ስለዚህ የቡና ዋጋ ደኅና በሆነበት ዓመት፣ ለቀማው አብቅቶ ሰው እጁ ላይ ገንዘብ ሲኖረው፣ የዕቁብ አባላት ተሰብስበው ዋጋ ቢወድቅ መጠኑ እንዴት እንደሚቀነስ፣ ጊዜው እስከ ስንት ወር እንደሚራዘም፣ ከችግረኛው ማን አስቀድሞ እንደሚወስድ በመተዳደሪያቸው ላይ ቢጽፉ መልካም ነው። በችግር ቀን የሚደረግ ስብሰባ ፍርሃት ይበዛበታልና።