ዘሯ ምንድን ነው?

«ዘሯ ምንድን ነው?» በኤድንብራ ከተማ መናፈሻዎች ስንመላለስ ይህን ጥያቄ የማንጠየቅበት ቀን የለም። ጠያቂዎቹ ቅን ሰዎች ናቸው፤ የሚጠይቁትም ስለ እኛ ሳይሆን በማሰሪያ ይዘናት ስለምንሄደው ውሻ ነው። በእንግሊዝኛ ሲነገር ጥያቄው ቀላል ነው። በልባችን ወደ አማርኛ ስንመልሰው ግን ይከብዳል፤ ቋንቋችን የሚዘራውን እህል፣ የትውልድን ሐረግ፣ የእንስሳትን ዓይነትና የሰውን ነገድ ሁሉ «ዘር» በሚል አንድ ቃል ይጠራልና። ከመካከላችን አንዱን ይህንኑ ጥያቄ መንገድ ላይ አስቁመው ጠይቀውታል፤ አገሩን የለቀቀውም በመልሱ ምክንያት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ለውሻ ሲቀርብ እንኳ ሳንደነግጥ አንሰማውም።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ሁለት ነገር ነው። አንድን ፍጡር በዘሩ ማወቅ ይቻላልን? ካወቅነውስ በኋላ ያለብን ዕዳ ምንድን ነው? ምሳሌያችን ከታላላቅ ነገሮች ያልተወሰደ መሆኑን እናውቃለን። ይሁን እንጂ ሰው በትልቁ ነገር የሚይዘው አቋም ብዙውን ጊዜ በትንሹ ነገር ከለመደው የሚመነጭ ስለሆነ፣ አንባቢ «ውሻ ናት» ብሎ እንዳይንቅብን እንለምናለን።

«እኛ» ስንል በአንድ የኪራይ ቤት የምንኖር ሰባት ሰዎች ማለታችን ነው፤ ባልና ሚስት፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ የሚስትየዋ እናትና ሁለት ተማሪዎች። ውሻይቱን ያመጣናት፣ ልጆቹ አንድ ዓመት ሙሉ ከለመኑ በኋላ፣ የተጣሉ እንስሳት ከሚጠለሉበት ቤት ነው። በማደሪያዋ በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት «ሜግ፤ ሴት፤ ሁለት ዓመት፤ የቦርደር ኮሊ ክልስ፤ አባቷ አይታወቅም» ይል ነበር። «ክልስ» ብለን የተረጐምነው አስበንበት ነው። አማርኛ ለዚህ «ዲቃላ» የሚል ሌላ ቃል አለው፤ ያ ቃል ግን ገና ከመናገሩ ይፈርዳል።

የሚስትየዋ እናት፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ ነገሩ አልተዋጠላቸውም። «ውሻ ደጅ እንጂ ቤት ውስጥ ምን ትሠራለች?» አሉ። በተወለዱበት በመንዝ ውሻ ግቢ ትጠብቃለች፤ ደጃፍ አታልፍም። የበግ ጠባቂ ዘር መሆኗን ብንነግራቸው፣ «ውሻ ምን አገባት ከእርሻ» ሲሉ ተረቱብን። በእሳቸው አገር በግ የሚጠብቅ ልጅ ነው።

ሆኖም ውሻና እርሻ የተገናኙበት አገር አለ፤ እኛም የምንኖረው ከዚያው አጠገብ ነው። በስኮትላንድና በእንግሊዝ ወሰን ባሉት ኮረብታዎች ላይ፣ ብዙ እረኛ የሚሻውን መንጋ አንድ ሰው በአንድ ውሻ ይነዳዋል። ይህ በተአምር የመጣ አይደለም። ተኩላ ሲያድን ተራ በተራ የሚፈጽማቸው ነገሮች አሉ፤ ያያል፣ ያፈጣል፣ ያደባል፣ ያባርራል፣ ይነክሳል፣ ይገድላል። እረኞች በብዙ ትውልድ ምርጫ ማፍጠጡንና ማድባቱን አጠንክረው፣ መንከሱንና መግደሉን አዳክመውታል። ስለዚህ የእረኛ ውሻ ሥራ ልጓም የገባለት አደን ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። የዛሬዎቹ ቦርደር ኮሊዎች አባት ተብሎ የሚቆጠረው ኦልድ ሄምፕ የተወለደው በ1893 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኖርዘምበርላንድ፣ አዳም ቴልፈር በተባለ ሰው ቤት ነው። የአባቱ ስም ሮይ፣ የእናቱ ስም እንደ እኛዋ ሜግ ነበር። ሁለቱ በጠባይ የተለያዩ ነበሩ፤ አባትየው ግልጽና ተግባቢ፣ በጎችን አፍጥጦ መያዝ የማይሆንለት፤ እናትየው ቁጥብ፣ ነገር ግን በዓይኗ ብቻ በግ የምታቆም። እንግዲህ ንጹሕ ነው የሚባለው ዘር ከምንጩ ላይ የሁለት ተቃራኒ ጠባዮች መገናኛ ሆኖ እናገኘዋለን። በ1906 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የበግ ውሾች ማኅበርም የትውልድ መዝገብ ይይዛል። ነገር ግን ወላጆቹ ያልተመዘገቡ ውሻ በሥራው ብቃቱን ካስመሰከረ መዝገቡ ውስጥ የሚገባበት በር አለው። ዘር ቆጣሪዎቹ ራሳቸው ሥራን ከዘር በላይ ዳኛ ማድረጋቸውን ልብ ይሏል።

ይህን ሁሉ አንብበን ሜግን ያወቅናት መሰለን። ተሳስተን ነበር። መጻሕፍቱ ብልህና ታዛዥ ይላሉ። እኛ ያየናት ውሻ ግን ብስክሌት ባለፈ ቁጥር የምትወነጨፍ፣ ሌሊት ከክፍል ክፍል የምትንቆራጠጥ፣ ልጆቹ ሲሮጡ ዞራ የምትቀድማቸውና ተረከዛቸውን በጥርሷ የምትቆነጥጥ ነበረች። በሦስተኛው ሳምንት የትንሹ ልጅ ካልሲ ተቀደደ፤ እግሩም ቀላ። «ክፉ ናት፤ አባቷ ምን እንደሆነ ማን ያውቃል!» አልን።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። መልካሙን ሁሉ ለታወቀው ወገኗ፣ መጥፎውን ሁሉ ላልታወቀው አባቷ ሰጠን። ማስረጃ አልነበረንም። በእኛ ላይ ሲፈጸም ግፍ ብለን የምንጠራውን አስተሳሰብ፣ በገዛ ቤታችን፣ አንድ ቀን እንኳ ሳንመክርበት፣ በሥራ ላይ አዋልነው። ወደ መጣችበት ልንመልሳትም ተስማማን።

ያስቆሙን እማማ ናቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከወንበራቸው ሆነው ሲመለከቷት ከርመዋል። «እናንተ የተማራችሁ፣ አይታያችሁም እንዴ?» አሉ። «እረኛ እኮ ናት። መንጋው ተበትኖባት ነው። እኔስ በስምንት ዓመቴ አንዲት ጠቦት የጎደለችብኝ ማታ እንዲህ አልነበር ያደረገኝ?»

ከዚያ ወዲያ የነገሩ ሁሉ ትርጉም ተለወጠ። ሜግ ልጁን ለመጉዳት አልተነሣችም፤ ከመንጋ እንደ ወጣ ጠቦት ልትመልሰው እንጂ። ሌሊት የምትዞረውም በአራት ክፍል ተበትነን የምንተኛውን ሰባት ሰዎች ለመቆጣጠር መሆን አለበት። እርግጥ ውሻ ልብ ውስጥ ገብተን አላየንም፤ ነገር ግን መድኃኒቱ በሽታውን መሰከረ። ጠዋትና ማታ ረዥም መንገድ ስንወስዳት፣ የተደበቀ ዕቃ ፈልጋ እንድታመጣ ስናስተምራት፣ ልጆቹ ሲሮጡ በስሟ ተጠርታ መመለስን ስትለምድ፣ ቁንጥጫው ቀረ። እሑድ ቡና ሲፈላ፣ ሰው ሁሉ በአንድ ክፍል ሲሰበሰብ፣ ደጃፉ ላይ ተጋድማ እንቅልፍ ይወስዳታል። የምትጨነቀው በረካው ተጠጥቶ እንግዶች አንድ በአንድ ሲነሡ ነው። በዚህ ነገር ከእኛ አትለይም።

ሳይንሱም ከእማማ የራቀ አይደለም። በ2022 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት፣ ከ18,000 የሚበልጡ ውሾችን ጠባይ ከባለቤቶቻቸው ጠይቆ፣ ከ2,000 የሚበልጡትን ዲ.ኤን.ኤ. መርምሯል። በአንድ ውሻና በሌላው መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት ውስጥ ዘር የሚያስረዳው 9 ከመቶ ያህሉን ብቻ ሆኖ ተገኘ። ጥናቱ ዘር ከንቱ ነው አላለም፤ ለሰው ትእዛዝ ፈጥኖ መመለስን የመሰለው ጠባይ ከሌሎቹ ይልቅ ከዘር ጋር ይያያዛል። ሜግም በአፈጣጠጧ የእናቷ ልጅ ናት። ይሁንና ጃንጥላ ሲዘረጋ የምትሸሸው፣ ኳስ የምትንቀው፣ ከሁላችን መርጣ የእማማን ነጠላ ጫፍ ተንተርሳ የምትተኛው በየትኛው ዘሯ ነው? ይህች ሜግ ናት እንጂ ዘር አይደለችም።

እንግዲህ እናስተውል። ውሻን ሰው ሆነ ብሎ፣ ወላጆቹን እየመረጠ፣ ለአንድ ሥራ ብሎ በብዙ ትውልድ አራብቶታል። እንዲህም ሆኖ ዘሩ ስለ አንዱ ውሻ የሚነግረን ይህን ያህል ጥቂት ከሆነ፣ ማንም መርጦ ያላራባውን፣ በጋብቻ፣ በንግድና በስደት ሲቀላቀል የኖረውን የሰው ልጅ «በነገዱ አውቀዋለሁ» የሚል ሰው ከምን ላይ ቆሞ ነው የሚናገረው? ሰውንና ውሻን ማስተካከላችን አይደለም። በውሻ እንኳ ያልሠራ ሚዛን በሰው ላይ ጨርሶ እንደማይሠራ ማመልከታችን ነው።

ነገር ግን ማወቅ ብቻውን አይበቃም። ይህን የተማርነው ከከተማው በስተደቡብ ባሉት የፔንትላንድ ኮረብታዎች ላይ፣ በአንድ የመጋቢት ቀን ነው። ዳገቱን ስንወጣ ሜግ አንገቷን ከማሰሪያው አሾልካ አመለጠች። ከፊታችን ሃያ የሚሆኑ፣ ለመውለድ የተቃረቡ በጎች ይግጡ ነበር። ዓይናችን እያየ መሬት ለመሬት ተስባ፣ ሰፊ ክብ ዞራ፣ ሁሉንም ሰብስባ ከድንጋይ ካብ ጥግ አስጠጋቻቸው። ማንም አላስተማራትም። ልንዋሽ አንፈልግም፤ ለአንድ አፍታ ኮራንባት። ከዚያ በኋላ ግን መጀመር እንጂ ማቆም የማታውቅ ሆነች። አንዲቱ ከመንጋው በወጣች ቁጥር ትከተላታለች፤ በጎቹ ማለከለክ ጀመሩ። ሁለታችን ተወርውረን ባንይዛት ኖሮ አታቆምም ነበር። እንዲህ ለመውለድ የደረሰች በግ ሳትነከስም በመባረር ብቻ ልትጨነግፍ ትችላለች። በ2021 በስኮትላንድ የወጣው ሕግም ውሻው በሰው በግ ላይ ለተነሣበት ሰው እስከ 40,000 ፓውንድ መቀጮ ወይም እስከ 12 ወር እስራት ደንግጓል።

ዙሪያችንን ስናይ ሰው የለም። ከመካከላችን የሁለቱ የመኖሪያ ፈቃድ ገና ውሳኔ አላገኘም ነበር። «ማንም አላየንም፤ እንሂድ» የሚለው አሳብ ከሁላችንም አፍ ወጣ። እማማ ብቻ ከካቡ ላይ ተቀምጠው አልነሣ አሉ። «የሰው ከብት አስደንግጦ ወዴት ነው የሚኬደው? ባለቤቱ ይምጣና ይቅርታ እንጠይቀዋለን፤ ካሳም ካለ እንክሳለን።» ልጆቹ እኛንና እሳቸውን እያፈራረቁ ተመለከቱ። ተቀመጥን።

እረኛው ከግማሽ ሰዓት በኋላ መጣ። የሆነውን ነገርነው። ተቆጣ፤ በጎቹን ቆጠረ፤ ከዚያም ሜግን ብዙ ጊዜ ወስዶ ተመለከታት። «ጥፋቱ የእሷ አይደለም» አለ። «ሥራዋን ታውቃለች። ማቆምን ግን ማንም አላስተማራትም፤ ያ የእናንተ ፈንታ ነበር።» የስልክ ቁጥራችንን ተቀብሎን ሄደ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደወለ፤ አንዲት በግ ጨንግፋ ነበር። በእኛ ውሻ ምክንያት ይሁን በሌላ፣ እርግጠኛ መሆን እንደማይችል ነገረን። ዋጋዋን እንክፈል አልነው፤ ግማሹን ብቻ ተቀበለ። ሊረጋገጥ በማይቻል ነገር ላይ ዕዳን ለሁለት መካፈል፣ በስደት ዘመናችን ካየናቸው ፍርዶች ሁሉ የቀናው ይህ ነው።

ፈላስፋው ካንት በ1797 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፍ፣ እንስሳትን በሚመለከት ያለብን ግዴታ በመሠረቱ ለራሳችን ሰብዓዊነት ያለብን ግዴታ ነው ይላል፤ ለረዥም ዘመን ላገለገለ ውሻ ውለታ መመለስንም ከዚሁ ይቆጥረዋል። እኛ ግን በዚያ ዳገት ላይ ዕዳው እንዲህ ዞሮ የሚመጣ ሆኖ አልታየንም። ለሥራ የተፈጠረችን ፍጡር ከሥራዋ ለይተን በአራት ግድግዳ መካከል ያኖርናት እኛ ነን፤ ዕዳው በቀጥታ የእሷ ነው። ሌላው ፈላስፋ ኤማኑኤል ሌቪናስ በ1975 በወጣ አጭር ጽሑፍ ስለ አንድ ውሻ ይተርካል። እሱና አይሁዳውያን ጓደኞቹ የፈረንሳይ ጦር ምርኮኞች ሆነው በጀርመን አገር ጫካ ውስጥ ሲሠሩ፣ በመንገድ የሚያልፈው ሰው በዘራቸው ምክንያት ከሰው አይቆጥራቸውም ነበር። አንድ ባለቤት የሌለው ውሻ ግን ጠዋት ሲሰለፉና ማታ ከሥራ ሲመለሱ እየዘለለ በደስታ ይቀበላቸዋል። ቦቢ አሉት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዘበኞቹ አባረሩት። ያ ውሻ ሰዎች መሆናቸውን አልተጠራጠረም፤ ዘራቸውንም አልጠየቀም።

ለመጀመሪያው ጥያቄያችን መልሱ እንግዲህ ይህ ነው፤ ዘር ምን ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል እንጂ ማን እንደሆነ አይናገርም። ማንነት አብሮ በመኖር፣ ስሕተትንም በማረም የሚታወቅ ነው። ለሁለተኛው ደግሞ፣ ያወቅነውን ፍጡር ለስጦታው ቦታ፣ ለኃይሉ ልክ እንዲያገኝ የመርዳት ዕዳ አለብን እንላለን። ልክ ያላገኘ ስጦታ፣ በዳገቱ ላይ እንዳየነው፣ ያለ ክፋት ይጎዳል። የእረኛ ውሻ ሥራው ሲያበቃ ጌታው የሚነግረው አንድ አጭር ቃል አለ፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ይበቃል» ማለት ነው። ለውሻው ዕረፍት ነው፤ ምስጋናም አለበት። ይህን ቃል አሁን ለሜግ እያስተማርናት ነው፤ ቀስ በቀስ ትለምደዋለች።

በመናፈሻው ውስጥ ዛሬም «ዘሯ ምንድን ነው?» እንባላለን። እናቷ የበግ ውሻ መሆኗን፣ አባቷን አለማወቃችንን እንናገራለን። እማማ ግን የጥያቄውን ትርጉም ከነገርናቸው ወዲህ የራሳቸው መልስ አላቸው። በአማርኛ «ሜግ ትባላለች» ይላሉ። ጠያቂዎቹም ቋንቋውን ባያውቁም ስሟን ይሰማሉ፤ ጎንበስ ብለውም በስሟ ይጠሯታል።