በጓያ ነቃዩ ላይ ማን ይፈርዳል?

ባለፈው ሳምንት ታናሽ ወንድሜ ደወለልኝ። ግንባታ ላይ የቀን ሥራ ይሠራል። «ምግብስ እንዴት ነው?» አልኩት። «በቀን አንዴ ነው የምበላው፤ ግን ለምጄዋለሁ» አለኝ። እኔም ሳላስብ «ጎበዝ!» አልኩ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ያቺ «ጎበዝ» አላስተኛ አለችኝ። ምኑን ነው ያደነቅኩት? መራቡን ነው ወይስ ብር አለመጠየቁን?

ቻይ ሰው ሲመሰገን እየሰማን ነው ያደግነው። ደመወዝ አልበቃ ሲል፣ ስንሰደድ፣ ስንከፋ የሚሰጠን ምክር አንድ ነው፦ «ትለምደዋለህ።» እኔ ግን ሰሞኑን ስለ መልመድ ሳስብ የሚመጣብኝ ጓያ ነው። አዎ፣ የሽሮው ጓያ።

በመቻል ጓያን የሚስተካከል እህል ጥቂት ነው። ክረምቱ ሲወጣ ዋልካው አፈር ውስጥ በቀረችው እርጥበት ይበቅላል። ውሃ ቢተኛበት ይችላል፤ ዝናብ ቢጠፋም ይችላል። ሥሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅን ከአየር ስለሚያመጡለት ማዳበሪያም ብዙ አይፈልግም። ፍሬው ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ሽንብራና ምስር ሲከዱ ጓያ አይከዳም።

ችግሩ ፍሬው ውስጥ ኦዳፕ የሚባል መርዛማ አሚኖ አሲድ መኖሩ ነው። አልፎ አልፎ፣ ከሌላ ምግብ ጋር የሚበላው ሰው እምብዛም አይጎዳም። ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግርን የሚያዙትን ነርቮች ይጎዳል። እግር ይገተራል፣ ጉልበት ይተሳሰራል፤ ሰውየው በጣቶቹ ጫፍ፣ በምርኩዝ፣ ሲብስም በዳዴ ይሄዳል። አእምሮው ግን ንጹህ ነው፤ የሆነውን ሁሉ ያውቃል። የሞተ ነርቭ ስለማይተካ ፈውስ የለውም። ብዙ ጊዜ የሚመታው ደግሞ ወጣት ወንዶችን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ከድርቅ በኋላ ወሎ ውስጥ፣ ደላንታና ዳውንት ላይ፣ ብዙ ሰው በዚህ መንገድ እግሩን አጥቷል። እኛ ብቻም አይደለንም። ስፔናዊው ሠዓሊ ጎያ በ1811 እና 1812 የማድሪድ ረሃብ ሰዎች በጓያ ገንፎ ነፍሳቸውን ሲያቆዩ የሚያሳይ ሥራ ትቷል። በ1942 መጨረሻ ቫፕኒያርካ በተባለ፣ ሮማኒያ ታስተዳድረው በነበረ ካምፕ የታሰሩ አይሁዶች ጓያ እየተሰጣቸው ብዙዎቹ ሽባ ሆነዋል።

የሚያሳዝነው ይሄ ነው፦ ተክሉን ውሃ ሲጠማው ፍሬው ውስጥ ያለው ኦዳፕ ሊጨምር ይችላል። ማለትም ሰው ጓያን ብቻ በሚበላበት ዓመት ጓያው ይብሳል። ተክሉ ድርቁን አለፈው፤ ሂሳቡ ግን ለበላው ሰው መጣ።

አርቆ የማያይን ሰው ስንተች «እንደ ጓያ ነቃይ የፊት የፊቱን» እንላለን። ጎንበስ ብሎ የሚነቅል ሰው የሚታየው ከፊቱ ያለው ብቻ ነው። ግን እውነት፣ በረሃብ ዓመት ጓያ የሚበላው ገበሬ አርቆ ማየት አቅቶት ነው? ቤቱ ውስጥ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ ዛሬ መራብ፣ ወይም ከወራት በኋላ እግርን ማጣት። የፊቱን ቢመርጥ ሞኝ አይደለም። መጠየቅ ያለበት ምርጫው ሁለት ብቻ ሲሆን እያየ ዝም ያለው ነው።

«ታዲያ ጓያ ባይኖር ይሻል ነበር?» ትሉኝ ይሆናል። አይ። ባይኖር የሚሞተው ይበዛ ነበር። መላም አለው፦ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሳል፤ ከጤፍ ወይም ከገብስ ጋር መቀላቀልም ይረዳል፤ «ዋሴ» የሚባል መርዙ ያነሰ ዝርያም አለ። ግን መዘፍዘፍ ውሃ ይፈልጋል፤ መቀላቀል ጤፍ ይፈልጋል። ድርቁ የወሰደው ደግሞ እነሱን ነው። ለብቻው የቀረ ሰው ብልሃቱን ቢያውቅም አቅሙ የለውም። መላው ከጎረቤት፣ ከመንግሥት፣ ከወንድም መምጣት አለበት።

የወንድሜ ሰውነትም እንደዚሁ ነው። ምግብ ሲያንስ መጀመሪያ ጉበት ያስቀመጠው ስኳር ያልቃል። ከዚያ ስብ ይነዳል፤ ጡንቻም ይሟሟል። ሰውነት ወጪ ለመቀነስ ሥራውን ያቀዘቅዛል። ከውጭ ሲታይ «ለመደ» ይባላል። ሰውነቱ ግን መክፈሉን አላቆመም፤ የሚከፍልበትን ኪስ ነው የቀየረው።

መቻልን አልንቅም። ወንድሜ «ችያለሁ» ብሎ ቢኮራ መብቱ ነው፤ ከፍሎበታል። እኔ «ጎበዝ» ስለው ግን ሌላ ነገር ነው። የእሱ መቻል የእኔን ግዴታ ካቀለለልኝ፣ ያ አድናቆት አይደለም፤ ከዕዳ ማምለጫ ነው። አሁን አንድን ሰው በመቻሉ ላመሰግን ስል ራሴን የምጠይቀው ይሄንን ነው፦ እሱ ባይችል ኖሮ ምን አደርግ ነበር? መልስ ካለኝ፣ ያንን ነገር አሁኑኑ ማድረግ እችላለሁ ማለት ነው።

ትናንት መልሼ ደወልኩለት። ለምደሃል ወይ አላልኩትም። «ዛሬ ምን በላህ?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። «እስካሁን ምንም» አለኝ። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ነበር።