ደመወዝ ምስጋና ይሆናል?

«ማድ ሜን»ን የሚወድ ሰው ለምን እንደሚወደው ብትጠይቁት፣ መጀመሪያ የሚነግራችሁ ስለ ሱፉ ነው። ቀጥሎ ስለ ቀሚሱ፣ በቀትር ስለሚቀዳው ዊስኪ፣ ቢሮ ውስጥ እንደ ልብ ስለሚጨሰው ሲጋራ። እውነት ነው፣ ሁሉም ነገር ያምራል። ግን ልብስ ብቻውን ሰውን 92 ክፍል ሙሉ አያስቀምጥም። ለልብሱ ከሆነ የድሮ ፎቶ ይበቃ ነበር።

ለማታውቁት፦ ድራማው ከ2007 እስከ 2015 ኤኤምሲ በሚባል የአሜሪካ የቴሌቪዥን ጣቢያ በ7 ሲዝን የታየ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ፈጣሪው ማቲው ዋይነር ነው። ታሪኩ በ1960 ኒውዮርክ፣ ማዲሰን አቬኑ ላይ ባለ አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ይጀምርና እስከ 1970 ይዘልቃል። መሃሉ ላይ ዶን ድሬፐር የሚባል መልከ መልካምና ምስጢረኛ የፈጠራ ክፍል ኃላፊ አለ። ከሥሩ ደግሞ ጸሐፊ ሆና ገብታ ቀስ በቀስ የማስታወቂያ ጽሑፍ አዘጋጅ የምትሆነው ፔጊ ኦልሰን አለች።

ሁለተኛው መልስ ከልብሱ ጠለቅ ይላል፦ የምናየው ለመፍረድ ነው ይላል። ነፍሰ ጡር ሴት ስታጨስ እናያለን። በሁለተኛው ሲዝን የድሬፐር ቤተሰብ መናፈሻ ሄዶ በልቶ ጠጥቶ ሲያበቃ፣ እናትየዋ ቤቲ ያነጠፈችውን ጨርቅ አራግፋ ቆሻሻውን ሣሩ ላይ ትታው ትሄዳለች። «እንዴ!» እንላለን፤ ከእነሱ የተሻልን መሆናችንም ደስ ይለናል። ይህም እውነትነት አለው። ግን ሰው የሚንቀውን ሰው ለማየት ዓመት ከዓመት አይመለስም።

የኔ መልስ ሌላ ነው። እዚያ ቢሮ ውስጥ ሥራ ይታያል። አንድ ሰው ሐሳብ ያመጣል፤ ሐሳቡ ካርቶን ላይ ተስሎ ይቆማል፤ ሌሎቹ ፊት ለፊቱ ሆነው ያዩታል። ዝም ይላሉ፣ ይስቃሉ፣ «አይሆንም» ይላሉ፣ በር ወርውረው ይወጣሉ። የሠራው ሰው ፊታቸውን ያያል። አሁን ደግሞ ብዙዎቻችን የምንሠራበትን መንገድ አስቡት። ፋይሉን ማታ እንልካለን። ጠዋት የአውራ ጣት ምልክት ተለጥፎበት እናገኘዋለን። ማን አነበበው? እስከ ስንተኛው ገጽ? አይታወቅም። ዶን የፔጊን ጽሑፍ ፊቷ ላይ ሲያጣጥለው እያየሁ የምቀናበት ጊዜ አለ። በተሰደበ ሰው መቅናት ጤነኛ ነገር አይመስልም። የሚያስቀናኝ ግን ስድቡ አይደለም፤ ሰውየው እስከ መጨረሻው ማንበቡ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ችግር አለ። ያ ቢሮ እኔን አያስገባኝም ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሲዝኖች ከምናያቸው ጥቂት ጥቁሮች አንዱ ሊፍት የሚያንቀሳቅሰው ሆሊስ ነው፤ ሌላዋ የድሬፐር ቤት ሠራተኛ ካርላ ናት። የድርጅቱ የመጀመሪያዋ ጥቁር ጸሐፊ ዶውን የምትመጣው በአምስተኛው ሲዝን፣ ታሪኩ 1966 ከደረሰ በኋላ ነው። ታዲያ ሰው በሩ የሚዘጋበትን ቢሮ ምን ብሎ ይናፍቃል? የምንናፍቀው ምን እንደሆነ በትክክል ካልለየን፣ ከነግፉ አብረን እንናፍቀዋለን።

ነገሩን የሚለይልኝ አንድ ክፍል አለ። አራተኛው ሲዝን፣ ሰባተኛው ክፍል፣ «ዘ ሱትኬዝ» ይባላል። የታሪኩ ቀን ሜይ 25፣ 1965 ነው፤ መሐመድ አሊ ሶኒ ሊስተንን ለሁለተኛ ጊዜ ገጥሞ በመጀመሪያው ዙር የዘረረበት ምሽት። የቢሮው ሰው ግጥሚያውን ሊያይ ወጥቷል። ቀኑ የፔጊ ልደት ነው፤ ጓደኛዋ ቤተሰቧን ሰብስቦ ምግብ ቤት ይጠብቃታል። ዶን ግን የሳምሶናይት ሻንጣ ማስታወቂያ አላለቀም ብሎ አስቀርቷታል። ጭቅጭቅ ይነሣል። ፔጊ የቆየ ቁስሏን ታወጣለች። ግሎ ኮት ለተባለ የወለል ሰም የተሠራው ማስታወቂያ ክሊዮ የተባለውን የሙያው ትልቅ ሽልማት አሸንፏል፤ መነሻ ሐሳቡ የእሷ ነበር፤ ሽልማቱን የወሰደው ግን እሱ ነው። አንድ ቀን እንኳ አመስግኗት እንደማያውቅ ትነግረዋለች። ዶን ይጮህባታል። መልሱ ባጭሩ፣ ገንዘብ የሚከፈልሽ ለዚሁ ነው የሚል ነው።

ቶሎ አንፍረድበት። የዶን ክርክር ከሚመስለው የጠነከረ ነው። ደመወዝ ንጹሕ ነገር ነው። ከተከፈለኝ ፈገግ ማለት አይጠበቅብኝም፤ አለቃዬን መውደድ፣ ልጁን ሲድር ድንኳን መትከል አይጠበቅብኝም። ሠራሁ፣ ተከፈለኝ፣ በቃ። የዚህን ተቃራኒ ደግሞ እናውቀዋለን፦ «እኛ እዚህ ቤተሰብ ነን» የሚል መሥሪያ ቤት። ወር ሲደርስ ደመወዙ ይዘገያል፣ ምስጋናው ግን አይዘገይም። በጭብጨባ የቤት ኪራይ አይከፈልም። ከእንዲህ ያለው አለቃ ጋር ሲተያይ ዶን ቢያንስ አይዋሽም።

አይዋሽም? ሁለት ዓመት ወደ ኋላ እንመለስ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሴትና ወንድ ለእኩል ሥራ እኩል እንዲከፈላቸው የሚያዘውን ሕግ የፈረሙት በጁን 1963 ነው። በሦስተኛው ሲዝን፣ ሕጉ ገና ትኩስ ሳለ፣ ፔጊ ዶን ቢሮ ገብታ ይህንኑ ሕግ ጠቅሳ ጭማሪ ትጠይቃለች። ጊዜው አይደለም ተብላ ትመለሳለች። እንግዲህ ገንዘቡ ምስጋናው ከሆነ፣ ምስጋናውም ጎደሎ ነበር።

ይህ ግን ዶንን ግብዝ ያደርገዋል እንጂ ሐሳቡን አያፈርሰውም። እሺ፣ ሙሉውን ከፍሏት ቢሆንስ? ያን ምሽት ፔጊ ዝም ማለት ነበረባት? አይመስለኝም። ዶን ሦስት የተለያዩ ነገሮችን እንደ አንድ እየቆጠረ ነው።

አንደኛው ዕዳ ነው። ደመወዝ ዕዳ ነው፤ ተቆጥሮ ይከፈላል፣ ሲከፈል ያልቃል። ሁለተኛው ምስጋና ነው። ምስጋና የሚመጣው ቆጥሮ መክፈል የማይቻል ነገር ሲኖር ነው። አማርኛችን ይህን አሳምሮ ያውቀዋል። «እግዜር ይስጥልኝ» ስንል እኮ፣ ያደረግህልኝን እኔ መመለስ አልችልም፣ የሚችለው እሱ በእኔ ፈንታ ይስጥህ ማለታችን ነው። ቃሉ ራሱ መክፈል እንደማንችል ማመን ነው። ለዚህም ነው ምስጋና በግድ የማይወጣው። ዶን ምስጋና ቢነፍጋት ቀዝቃዛ ሰው ነው እንላለን፤ በደላት ለማለት ግን ይከብዳል።

ሦስተኛው ከሁለቱም ይለያል፤ ምስክርነት ነው። «ይህን ሐሳብ ያመጣችው እሷ ናት» ማለት ክፍያም ቸርነትም አይደለም። እውነት መናገር ነው። ፔጊ በአፏ ምስጋና ብትልም የጠየቀችው ምስክርነት ይመስለኛል። ሽልማቱን ብቻውን ሲወስድ ስጦታ አልነፈጋትም፤ የሚያውቀውን እንደማያውቅ ሆነ። ይህን ደግሞ ደመወዝ አይሸፍነውም። በሐሰት የመሰከረ ሰው ለተበዳዩ ገንዘብ ስለሰጠ ምስክርነቱ እውነት አይሆንም።

ዶን መከላከያ አለው። አንቺ ፍሬውን ሰጠሽኝ እንጂ ማስታወቂያ ያደረግኩት እኔ ነኝ ባይ ነው። ይሁን፣ ሥራ የጋራ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ የሚሆነው ግን ሃምሳውም ሰው ሲታይ ነው። ሃምሳ ሰው ተሸክሞት አንዱ ብቻ ካጌጠበት ተረቱ ተበላሽቷል።

ከእኛ ወገን የሚነሣ ሌላ ተቃውሞም አለ። ስሜ ይነሣልኝ ማለት ከንቱነት አይደለም ወይ? ያደግነው «እኔ ነኝ የሠራሁት» ማለት ነውር ነው ተብለን ነው። ሥራህ ይናገር ይሉናል። ደግ። ግን ሥራ አፍ የለውም። ሰው ለራሱ መመስከሩ የማያምር ከሆነ፣ ያየው ሌላ ሰው የመመስከር ግዴታው ይከብዳል እንጂ አይቀልም። ትሕትናን ከአንዱ ጠብቀን ምስክርነትን ከሌላው ካልጠበቅን፣ ትሕትና ያልነው ነገር ለጉልበተኛው የተመቸ ዝምታ ብቻ ነው።

ምስክርነት የሚነፈገውም ሁልጊዜ በጩኸት አይደለም። በሁለተኛው ሲዝን የጸሐፊዎቹ ኃላፊ ጆአን ለቴሌቪዥን ክፍሉ የድራማ ጽሑፎችን እያነበበች ለማስታወቂያ የሚስማማውን ቦታ ትጠቁማለች። ጎበዝ ናት፤ ደንበኞቹም ይወዱላታል፤ እሷም ሥራውን ትወደዋለች። ከዚያ ለቦታው አንድ ወንድ ይቀጠራል፤ ሥራውን እንድታሳየው ይነገራታል። ማንም አልሰደባትም። ማንም አላሰባትም፣ በቃ። ማታ ቤቷ ገብታ የጡት መያዣዋ ማሰሪያ ትከሻዋ ላይ የተወውን ሰንበር ታሸዋለች።

ካርላ ደግሞ አለች። የድሬፐርን ልጆች ለዓመታት ተንከባክባ በአራተኛው ሲዝን መጨረሻ በአንድ ቀን ቁጣ ትባረራለች። ቤቲ የድጋፍ ደብዳቤ እንኳ አልጻፈችላትም። ደመወዟ ተከፍሏታል እንበል። የቀረባት ወረቀቱ ነው፦ እዚህ ሠርታለች፣ በደንብ ሠርታለች የሚል። ያለዚያ ወረቀት እነዚያ ዓመታት ከቤቱ በር ወዲያ አይሻገሩም። ይህን ለመረዳት አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ፍለጋ የተመላለሰ ሁሉ ያውቀዋል። አገራችን ውስጥ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይህኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) አሠሪ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። የቤት ሠራተኞችን ጉዳይ ግን ለሌላ ደንብ ትቶታል። ከአንድ ቤት ስድስት ዓመት ሠርታ ሻንጣዋን ይዛ የምትወጣ ልጅ እጇ ላይ ምን አለ?

የሚገርመው፣ ለፔጊ ምስክርነት የነፈገው ሰው ራሱ ምስክር የሌለው መሆኑ ነው። ዶን ድሬፐር ስሙ አይደለም። እውነተኛ ስሙ ዲክ ዊትማን ነው፤ ኮሪያ ጦርነት ላይ የሞተ መኮንን ስም ወስዶ ነው የተመለሰው። ስለዚህ የሚቀበለው ጭብጨባ ሁሉ የሚደርሰው ለሌላ ሰው ነው። እውነቱን እያወቀች የምትወደው አንዲት ሴት ካሊፎርኒያ አለች፤ የሟቹ መኮንን ሚስት የነበረችው አና። ያን ምሽት ፔጊን ያስቀራት ሻንጣው ብቻ አይደለም፤ ስለ አና መርዶ እንዳይሰማ ስልክ መደወል ፈርቶ ነው። ጠዋት ይደውላል። ሞታለች። እያለቀሰ፣ በእውነት የምታውቀኝ አንዲት ሰው ሞተች ይላል። ፔጊ፣ እንዲህ አይደለም ትለዋለች። ማታ ምስክርነት ተነፍጋ የጮኸችው ሴት ጠዋት ምስክር ሆነችለት። በኋላ የማስታወቂያውን ንድፍ ሲያሳያት ዝም ብሎ እጇን ይይዛል።

ነገሩ በዚህ አልተፈታም። በአምስተኛው ሲዝን ተናዶ ብር ፊቷ ላይ ይወረውራል። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ድርጅት በ19,000 ዶላርና በኃላፊነት ማዕረግ ሲጠራት እንደምትለቅ ትነግረዋለች። ዶን አሁንም የገንዘብ ጉዳይ መስሎት ቁጥር ጥሪ ይላታል። የሚያስቀራት ቁጥር የለም። ለመሰናበት እጇን ስትዘረጋለት ስሞ አልለቅ ይላል። ገንዘቡን ፈልጋዋለች፤ ሲጨመርላትም ወስዳዋለች። ግን ከዚያ ክፍል ያስወጣት እሱ ብቻ አልነበረም። እኛ አገር እጅ የሚስመው ታናሹ ነው፤ ያን ቀን ታናሹ ማን እንደነበረ ግልጽ ነው።

እንግዲህ የምንናፍቀው ቢሮውን አይደለም። ድራማው የሚይዘን ቢሮው ያላደረገውን ስለሚያደርግ ነው። ፔጊ ሌሊቱን ስትሠራ አይተናል። የጆአንን ትከሻ አይተናል። እዚያ ክፍል ውስጥ ማንም ባይመሰክር እኛ እናውቃለን። 92 ክፍል የሚያስቀምጠው ይህ ይመስለኛል።

ይህም ቢሆን ለሁሉም እኩል አልደረሰም። የድሬፐር ልጆች የት እንደደረሱ እስከ መጨረሻው እናያለን። ካርላ ግን ከተባረረች በኋላ ወዴት እንደሄደች፣ ማን እንደቀጠራት፣ ያለ ደብዳቤ ምን እንደሆነች የሚነግረን አንድም ትዕይንት የለም። እኔ አሁን አሁን ድራማውን ለሰው ስጠቁም ከሱፉ በፊት የእሷን ስም አነሣለሁ።