በሩን በስሙ ጥራው

ልጄ፣ ለሐረር እንግዶች ድረ ገጽ ልትሠራ መነሣትህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ፎቶዎቹን ከመደርደርህ በፊት ግን አንድ ነገር ስማኝ፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም።

የሐረሩ አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት የጀጎል ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። ስም የሌለው በር የለም። የልብስ ሰፊዎች መንገድ ከሆነው መኪና ግርግር የደረሰ ዓይነ ስውርም የት እንዳለ የሚነግረው ሰው አያሻውም፤ የስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ይነግረዋል። የአንተም ገጽ እንዲህ በጆሮ የሚታወቅ ይሁን።

ለዓይነ ስውራን ገጹን በድምፅ የሚያነበው ፕሮግራም፣ ስክሪን ሪደር፣ የሚያነበው ኮድህን ነው፤ ቀለምህን አያይም። ርዕሱን ፊደል በማተለቅ ብቻ ካደመቅኸው ለእሱ ተራ ጽሑፍ ነው። በኮዱ ርዕሱን ርዕስ፣ ክፍሉንም ክፍል ብለህ ከሰየምህ ግን ኤንቪዲኤ በተባለው ስክሪን ሪደር የሚያነብ ሰው ‹ኤች›ን እየተጫነ ከርዕስ ወደ ርዕስ፣ ‹ዲ›ን እየተጫነ ከክፍል ወደ ክፍል ይዘላል። ሜኑህን ‹ናቭ› በሚባለው የኮድ ምልክት ውስጥ አድርገው፤ ሁለት ከሆኑ ለየብቻ ስም ስጣቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ «ወደ ዋናው ጽሑፍ እለፍ» የሚል ሊንክ ይቅደም፤ አለዚያ ሰውዬው ገጽ በቀየረ ቁጥር ያንኑ ሜኑ ከላይ እስከ ታች ሊሰማ ነው። «እዚህ ይጫኑ» አትበል። ሊንኮችን ብቻ በዝርዝር አውጥቶ ለሚያዳምጥ ሰው ምንም አይነግረውም፤ «የራምቦ ቤት የመክፈቻ ሰዓት» በለው።

ማውስ ሲያርፍበት ብቻ የሚከፈት ሜኑ በኪቦርድ ለሚሠራ ሰው የተቆለፈ ነው። ይህን ላስተካክል ብለህ ደግሞ ‹አሪያ› የሚሉትን የስክሪን ሪደር ምልክት ሳታውቅ አትደርድር። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል፤ ተራ ሊንኮችን የፕሮግራም ሜኑ ናቸው ብለህ ከሰየምህ አንባቢው በቀስት ቁልፎች ሊሄድ ይሞክራል፣ ቀስቶቹም አይሠሩለትም። የተለመደው አዝራር ይበቃል፤ መከፈቱንና መዘጋቱን ብቻ ይናገር።

እኔን አብዝቶ የሚያንገበግበኝ የቋንቋው ነገር ነው። ከውጭ የተቀዳ ቅርጽ ብዙ ጊዜ ኮዱ ላይ ቋንቋው እንግሊዝኛ እንደሆነ ይዞ ይመጣል። ያኔ አፋን ኦሮሞው በእንግሊዝኛ አፍ ይነበባል፤ አማርኛውም ይደነባበራል ወይም ይዘለላል። ለአማርኛ ‹ኤ ኤም›፣ ለአፋን ኦሮሞ ‹ኦ ኤም›፣ ለሐረሪ ‹ኤች ኤ አር› ብለህ ጻፍ። አንድ መስመር ናት።

«በኋላ እናስተካክለዋለን» የሚልህን አትስማ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ደግሞም ይህ ችሮታ አይደለም። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 9 ኢንተርኔትን በስሙ ይጠቅሳል። የገንዘብ ሰበብም የለህም፤ ኤንቪዲኤን እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ ወጣት ነው፣ ዛሬም በነፃ ይገኛል። ዛሬውኑ አውርደህ፣ ስክሪኑን አጥፍተህ፣ የራስህን ገጽ አዳምጥ።

ከዚያም ከከተማችን ዓይነ ስውራን አንዱን ጥራ፤ የድካሙንም ዋጋ ክፈለው። ማንም ሳይረዳው ከመጀመሪያው ገጽ ተነሥቶ የራምቦ ቤትን የመክፈቻ ሰዓት እስኪያገኝ ድረስ፣ ሥራው አልቋል ብለህ ለማንም አታስረክብ።