ወንዝ፣ እንግዳና ማበረታቻ

ቡቲዬ የምትገኝበት የማርሳቢት ካውንቲ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለውም። ሆኖም በምዕራብ ጫፉ የተንጣለለው የቱርካና ሐይቅ ከሚገባለት ውኃ ዘጠና ከመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ ተነሥቶ በሚወርደው በኦሞ ወንዝ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ስለ ኦሞ ሸለቆ አዲስ አበባ ላይ የሚወሰነው ነገር ለሞያሌ ሰው የሩቅ ወሬ ሊሆን አይችልም። ድንበር ሰውን አስቁሞ ወረቀት ይጠይቃል፤ ውኃን ግን አይጠይቅም።

የኢትዮጵያ መንግሥት ከማዕከል የራቁ አካባቢዎችን ለማልማት ባለሀብትን ማባበል ከጀመረ ቆይቷል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት ማበረታቻ ደንብ ቁጥር 270 ደቡብ ኦሞን፣ ዳውሮን፣ ኮንታን፣ እንዲሁም ከሞያሌ ማዶ ያለችውን ቦረናን በስም ጠርቶ፣ በእነዚህ ሥፍራዎች አዲስ ድርጅት ለሚያቋቁም ባለሀብት፣ የግብር እፎይታው ዘመን ካበቃ በኋላ ለሦስት ተከታታይ ዓመታት የሠላሳ በመቶ የገቢ ግብር ቅናሽ ፈቅዶ ነበር። ኮከብ ለሚሰጠው ሆቴልና ለሎጅም የግንባታና የመገልገያ ዕቃን ከቀረጥ ነፃ ማስገባት የተለመደ ማበረታቻ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2020 ወዲህ ደግሞ መንግሥት ራሱ ገንቢ ሆኖ መጣ። «ገበታ ለሀገር» በተባለው መርሐ ግብር ጎርጎራ፣ ወንጪና ኮይሻ ተመረጡ፤ በዳውሮም የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ከፈጠረው ሰው ሠራሽ ሐይቅ አጠገብ የሃላላ ኬላ ሪዞርት ተሠራ።

ለመሆኑ ማበረታቻ ምንድን ነው? ቃሉ ለጆሮ ደስ ይላል። ልጅን እንደ ማጨብጨብ፣ ደካማን እንደ መደገፍ ያለ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ያልተሰበሰበ ቀረጥ ከሰማይ የወረደ በረከት አይደለም፤ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ሊሆን የሚችል የጋራ ገንዘብ ነው። በዚህ ላይ የሚነሣ ጠንካራ መልስ አለ። ባለሀብቱ ባይመጣ ኖሮ ቀረጡም፣ ግብሩም፣ የሥራ ዕድሉም ስለማይኖር፣ ያልነበረን ነገር አጣን ማለት አይቻልም የሚል። መልሱ እውነትነት አለው። በጂንካ መንገድ ዳር ሥራ አጥቶ ለተቀመጠ ወጣት የአስጎብኝነት ደመወዝ ቀልድ አይደለም። ይሁን እንጂ ይህ መልስ አንድ ነገር ዝም ብሎ ያልፋል። መንግሥት ለባለሀብቱ የሚለቅለት ቀረጥ ብቻ አይደለም። ወንዙን፣ ዳርቻውን፣ የሰዎቹን አለባበስና ከብቶቻቸውን ጭምር «መስሕብ» በሚል ስም አብሮ ያስረክባል። ቀረጡ በእርግጥ የመንግሥት ነው። የሰው መልክስ የማን ነው?

ጥያቄው በሙርሲ መንደር እርቃኑን ይታያል። ቱሪስቱ ከጂንካ በማለዳ ተነሥቶ በማጎ ብሔራዊ ፓርክ አቋርጦ ይደርሳል፤ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ፣ በከንፈራቸው ሸክላ ያደረጉትን ሴቶች ፎቶ አንሥቶ ይመለሳል። ሴቶቹ ለእያንዳንዱ ፎቶ ገንዘብ ይጠይቃሉ። ከእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሙርሲዎችን ያጠኑት አንትሮፖሎጂስት ዴቪድ ተርተን ይህን ግንኙነት አስመልክተው እ.ኤ.አ. በ2004 ጽፈዋል። ከእርሳቸው ጽሑፍ ውጪ በሰፊው የሚሰማው ግን የእንግዶቹ ስሞታ ነው፤ «ገንዘብ ለመዱ፣ ባህላቸውን ሸጡ» ይባላል። እንግዲህ ነገሩን አገላብጦ ማየት ያሻል። ባለ ሎጁ ከቀረጥ ነፃ መኪና ሲያስገባ አልሚ ይባላል፤ አስጎብኝው ዋጋ ሲተምን ነጋዴ ይባላል፤ ሙርሲዋ በገዛ ፊቷ ላይ ዋጋ ስትተምን ግን ለማኝ ትባላለች። በዚህ ሁሉ ንግድ ውስጥ ሳንቲሙ ትንሽ ቢሆንም ዋጋውን ራሷ የምትወስንበት ብቸኛ ቦታ ያ የፎቶው ክፍያ ነው። የሚያሳፍር ነገር ካለ ኀፍረቱ የእርሷ አይመስልም።

ከዚህ የከበደው ደግሞ የሁለቱ እጆች ነገር ነው። የታችኛው ኦሞ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በጥንታዊ የሰው ዘር ቅሪቱ ነው፤ እንግዳው የሚመጣው ግን በአብዛኛው ሕያዋኑን ለማየት ነው። እነዚህ ሕዝቦች ከከብቶቻቸው ሌላ የሚኖሩት ወንዙ በክረምት ሞልቶ ሲሸሽ በሚተወው እርጥብ ደለል ላይ ማሽላ እየዘሩ ነበር። 243 ሜትር ከፍታ ያለው ጊቤ 3 ውኃ መያዝ ከጀመረበት ከእ.ኤ.አ. 2015 ወዲህ ያ የዘመናት ሙላት ተቋረጠ። በላይኛው ዳርቻ ሐይቁ የሪዞርት ማጌጫ ሆነ፤ በታችኛው ዳርቻ የማሽላው ማሳ ደረቀ። አንዱ እጅ ኑሮውን የሚያዩ እንግዶችን ይጋብዛል፤ ሌላው እጅ የሚታየውን ኑሮ ከሥሩ ይነቅላል። አገር መብራት አያሻትም የሚል የለም፤ 1,870 ሜጋ ዋት ለብዙ ሚሊዮን ሰው ጥቅም ነው። ነገር ግን የሚልዮኖች ጥቅም በጥቂቶች ማሳ ሲገዛ፣ ጥቂቶቹ ከማበረታቻው ዝርዝር ውስጥ መጀመሪያ መጻፍ ነበረባቸው።

የሐይቁም ታሪክ ቀላል አይደለም። የቱርካና ሐይቅ ብሔራዊ ፓርኮች እ.ኤ.አ. በ2018 አደጋ ከተጋረጠባቸው ቅርሶች መዝገብ ሲገቡ ፍርሃቱ የውኃ መጉደል ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ግን ከባድ ዝናብ ሐይቁን ከፍ አደረገው፤ በዳሰነችም ሙላቱ ብዙ ሺሕ ሰው አፈናቀለ። ይህ የግድቡን ተቺዎች ትንቢት ያደበዝዘዋል፤ ዳር ላይ ያለው ሰው ስለ ውኃው አለመጠየቁን ግን አይለውጠውም።

ኬንያ ውስጥ ሌላ መንገድ ተሞክሯል። በማሳይ ማራ ጥብቅ ሥፍራ ዙሪያ ከእ.ኤ.አ. 2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የማሳይ ባለይዞታዎች መሬታቸውን በኅብረት ለሎጆች ያከራያሉ፤ እንግዳ በዛም አነሰም በይዞታቸው ስፋት ልክ ኪራይ ይቀበላሉ። ገንዘቡ የሚከፈለው ለመልካቸውና ለጭፈራቸው ሳይሆን ለባለቤትነታቸው ነው፤ የክብር ልዩነቱም እዚህ ላይ ነው። እንከን የሌለው ግን አይደለም። ይዞታው በአብዛኛው በወንዶች ስም በመሆኑ ሴቶች ከደጅ ቀርተዋል፤ የኮሮና ወረርሽኝ በገባበት በእ.ኤ.አ. 2020 ደግሞ ኪራዩ ተቀንሷል። ቢሆንም ባለይዞታው ቢያንስ የሚፈርምበትና አልፈርምም የሚልበት ወረቀት በእጁ አለ። በኦሞ ዳር ግን መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው በሚለው ሕግ ውስጥ «ሕዝብ» የሚለው ቃል የማንም እጅ ሆኖ ብዕር አያነሣም።

ይህ እንዳይሆን የመለኪያ እጥረት አልነበረም። ያ የ2005 ዓ.ም. ደንብ አፋርን ከተጠቃሚዎቹ ሲያስገባ፣ ከአዋሽ ወንዝ ግራና ቀኝ በ15 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያለውን መሬት ለይቶ አስቀርቶት ነበር፤ ባለሀብት እዚያ ሳይጠራም ስለሚመጣ ይመስላል። የባለሀብትን ፍላጎት ከወንዝ ዳር በኪሎ ሜትር መለካት የቻለ እጅ በኦሞ ግራና ቀኝም ያንኑ ገመድ ዘርግቶ፣ በዚያ ክልል ውስጥ የሚተከል ሎጅ ከመፈቀዱ በፊት ነዋሪው ይስማማ፣ ከገቢውም ድርሻ ይኑረው ብሎ መጻፍ ይችል ነበር።