ስንቆርጥ ለማን ብለን ነው?



ዛሬ አንድ ጥያቄ እናንሳ። የምንወደውን ሰው ስንመክርና ስናርም ለእሱ ብለን ነው ወይስ ለእኛ ዓይን እንዲያምርልን?

ቦክስውድ የሚባለውን የአጥር ተክል አስቡት። ኳስ ወይም ሣጥን እስኪመስል በመቀስ ይከረከማል። ሁልጊዜ ላይ ላዩን ብቻ ከተከረከመ ግን ጫፉ ጥቅጥቅ ይልና ብርሃን አያስገባም፤ የውስጡ ቅጠል ይረግፋል። ከውጭ ለምለም፣ ከውስጥ ጭራሮ ይሆናል። ጥሩ አትክልተኛ ቅርጹ ለጊዜው ክፍተት ቢታይበት እንኳ ከመሃል አንዳንድ ቅርንጫፍ እያወጣ ለብርሃንና ለነፋስ መግቢያ ይተዋል።

በዲላና በይርጋጨፌ አካባቢ ደግሞ ሌላ ዓይነት ቆረጣ አለ። ትልልቅ ዛፎች፣ ቡናና እንሰት አንዱ በሌላው ጥላ ሥር የሚያድጉበት የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቡና አርጅቶ ምርቱ ሲቀንስ ይጎነደላል፤ ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጉቶ ብቻ ይቀራል። ለማያውቅ ሰው ጭካኔ ይመስላል። ዝናብ ሲመጣ ግን ጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ከቡቃያዎቹ 2 ወይም 3 ጠንካሮቹ ተመርጠው ይቀራሉ። ደህና ምርት እስኪመለስ 2 ዓመት ያህል ያልፋል። አስተውሉ፦ የቆረጠውም፣ ምርቱ የቀረበትም፣ ጠብቆ የሚያሳድገውም ያው ገበሬው ነው።

እኛስ? ታናሽ ወንድማችንን በሰው ፊት እንገሥጻለን፤ ጓደኛችንን በኮሜንት እናርማለን፤ ከዚያ ዞር እንላለን። ሰውዬው ለእኛ ሲል ላይ ላዩን ሊስተካከል ይችላል። ውስጡ ብርሃን መግባቱን ግን ማን ጠየቀ?

«ታዲያ ዝም እንበል?» ትሉ ይሆናል። የለም፤ ያረጀ ቡና ሳይጎነደል ቢቀር ምርቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ግን ጤነኛውን ለጋ ቡና ማንም አይጎነድልም። ነሲሓም እንዲሁ ቦታና ልክ አለው። ደግሞም የሚያምርበት ከምክሩ በኋላ አብሮ ለሚቆይ፣ ለሚደውል፣ ለሚጠይቅ ሰው ነው።

ተክል ለተከለ ሙስሊም ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ከበላለት ሰደቃ እንደሚጻፍለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ሰውን በትዕግሥት ማሳደግማ እንዴት ያለ ምንዳ ይኖረው ይሆን!

በዚህ ሳምንት የሆነ ጊዜ ገሥጸን የተውነው ሰው ካለ ደውለን «እንዴት ነህ? እንዴት ነሽ?» እንበል። አላህ መክረው ከማይጠፉት ያድርገን። አሚን!