ፍተሻና የሰው ምሥጢር

በአውሮፕላን ማረፊያ ተሰልፈን ቀበቶአችንን ስንፈታ፣ ሻንጣችንን ለፈታሹ ስናስረክብ፣ ማጉረምረማችን አይቀርም። ይሁን እንጂ ፍተሻው ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 በስኮትላንድ በሎከርቢ ከተማ ሰማይ ላይ ፈንድቶ 270 ሰዎችን የፈጀው ቦምብ የተሸሸገው በቴፕ ሬዲዮ ውስጥ ነበር። በጎረቤታችን በሶማሊያም እ.ኤ.አ. በ2016 ከሞቃዲሾ በተነሣ አውሮፕላን ላይ የፈነዳው ቦምብ፣ እንደ መርማሪዎች ገለጻ፣ በላፕቶፕ ኮምፒዩተር ውስጥ ተደብቆ የገባ ነበር። እንግዲህ ከሌሎች ጋር የሚሳፈር ሰው የባልንጀሮቹን ሕይወት የመጠበቅ ዕዳ አለበት፤ ዕቃውን ማስፈተሹም ክብሩን አይቀንስበትም።

ነገር ግን «ፍተሻ» በሚለው በአንድ ስም ሁለት ልዩ ልዩ ተግባሮች እንደሚጠሩ ልብ እንበል። የመጀመሪያው የዕቃውን አካል መመርመር ነው፤ የራጅ መሣሪያው በስልኩ ውስጥ ፈንጂ መኖር አለመኖሩን ያያል እንጂ መልእክታችንን አያነብም። ሁለተኛው መንገደኛው ከአውሮፕላን ወርዶ በድንበር ተቆጣጣሪው ፊት ሲቆም የሚመጣው ነው፤ «ስልክዎን ከፍተው ይስጡኝ» ይባላል። በዚህ ጊዜ የሚመረመረው ጽሑፉ፣ ፎቶግራፉና የወዳጆቹ ስም ነው። የመጀመሪያውን የሚያጸድቀው ምክንያት ሁለተኛውን በራሱ አያጸድቅም።

ብዙ ወገኖቻችን የሚመላለሱባትን አሜሪካን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 በሙሉ ድምፅ በሰጠው ውሳኔ፣ ፖሊስ የያዘውን ሰው ስልክ ለመበርበር በመሠረቱ የፍርድ ቤት ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ደንግጓል፤ ስልክ የሰውን ሕይወት በሞላ የሚይዝ እንጂ እንደ ኪስ ቦርሳ የሚታይ አይደለምና። በድንበር ላይ ግን ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ መፈተሽን የሚፈቅድ የቆየ ሕግ አለ። የድንበር ጥበቃው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ፣ ስልክን በእጅ ገልጦ ማየትን ያለ ጥርጣሬ ሲፈቅድ፣ በመሣሪያ አማካይነት ይዘቱን ለመቅዳት ግን በቂ ጥርጣሬ ወይም የብሔራዊ ደኅንነት ስጋት እንዲኖር ጠይቋል። ዜጋ የሆነ ሰው የይለፍ ቃሉን ባይሰጥ ስልኩ ሊያዝበት ይችላል እንጂ ወደ አገሩ ከመግባት አይከለከልም፤ የውጭ አገር ሰው ግን ከደጅ ሊመለስ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ የኅሊና ጥያቄ ይነሣል። የታመመች እናቱን ለማየት ገንዘቡን አሟጦ የመጣ መንገደኛ፣ ካልከፈተ እንደሚመለስ እያወቀ «እሺ» ቢል፣ ያ እሺታ ነፃ ፈቃድ ነውን? በፍርሃት የተገኘ ፈቃድ ሙሉ ፈቃድ አይደለም። ስለዚህ የኃላፊነቱ ክብደት ይበልጡን የሚያርፈው በጠያቂው ላይ ነው።

«የሚደብቀው የሌለው ምን ይፈራል?» የሚሉ አሉ። ቤታችን በር ያለው ግን የሰረቅነውን ዕቃ ስለምንሸሽግበት አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በስልካችን ያለው ምሥጢር የእኛ ብቻ አይደለም። ስለ ትዳሯ የጻፈችልን እኅት፣ ሕመሙን ያዋየን ወዳጅ፣ ምክር ፈልጎ ለትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ ልቡን የገለጠ ወጣት አሉበት። የራሴን ምሥጢር አሳልፌ ልሰጥ እችላለሁ፤ የእነርሱን ለመስጠት ግን ማን ፈቀደልኝ?

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው ሰነድ የግል ሕይወትን መጠበቅ ከሰው መሠረታዊ መብቶች መካከል ቈጥሮታል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የአገራችን ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 የሰው ደብዳቤና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚያደርገው ግንኙነት እንዳይደፈር ይደነግጋል። ይህ መብት ገደብ የለውም ማለት አይደለም፤ ገደቡ ግን ምክንያት ያለው፣ ከአደጋው ጋር የተመጣጠነና ተጠያቂነት ያለበት ሊሆን ይገባል። በእውነተኛ ጥርጣሬ የተያዘን ሰው ስልክ መመርመርና የመጣውን ሁሉ መበርበር እኩል አይደሉም።

መንገደኛውም የራሱ ግዴታ አለበት። ለተቆጣጣሪው መዋሸት አይገባውም፤ ነገር ግን የማያስፈልገውን ሁሉ ተሸክሞ እንዲጓዝ የሚያስገድደው የለም። ሌሎች በአደራ የሰጡንን ከመንገዳችን በፊት ከስልካችን ማንሣት ወይም በቤታችን መተው ማታለል ሳይሆን አስተዋይነት ነው። ሐኪም የበሽተኞቹን መዝገብ ይዞ ገበያ እንደማይወጣ ሁሉ፣ እኛም አደራችንን በየደጁ ይዘን አንዙር።